ድህነት ያተረፋት ከተማ

ሰው በባዕድ አገር የመጨረሻው ቀን ሲደርስበት እግሩ ገና በሰው ጎዳና ሲመላለስ ሐሳቡ ቀድሞ ከቤቱ ደጃፍ ይደርሳል። እኔም ከቤልጂግ ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ከብሩክሴል በባቡር ተነሥቼ አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዝሁ በኋላ ብሩዥ ከምትባለው ጥንታዊት ከተማ ደረስሁ። በዋዜማው ከታናሽ ወንድሜ መልእክት ደርሶኝ ነበር፤ ቃሉም «አባታችን የሠሩት ቤት አርጅቷልና አፍርሰን ፎቅ እንሥራ፤ ግንበኞቹ የእርስዎን ፈቃድ ብቻ ይጠብቃሉ» የሚል ነው። መልሱን ገና አልሰጠሁም ነበር።

ብሩዥ የቦይ ውኃ በመካከሏ የሚመላለስባት ከተማ ናት። የጡብ ቤቶቿ ግንባር እስከ ጫፉ እንደ ደረጃ እየጠበበ ይወጣል። በገበያው አደባባይ የቆመው የደወል ግንብ ቁመቱ 83 ሜትር ሲሆን 47 ደወሎች አሉት። 366ቱን ደረጃ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ወጥቼ ቁልቁል ብመለከት ቀዩ ጣራ ጎን ለጎን ተያይዞ እስከ ከተማው ዳር ይታያል።

ይህ ሁሉ ሳይፈርስ የቀረበት ምክንያት የሚያስገርም ነው። ብሩዥ በመካከለኛው ዘመን ዝዊን በሚባለው የባሕር ወሽመጥ በኩል መርከብ የሚደርስላት፣ የእንግሊዝ የበግ ጠጕር የሚራገፍባት፣ የኢጣልያ ነጋዴዎች የተቀመጡባት ባለጸጋ ከተማ ነበረች። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ወሽመጡ በደለል እየተሞላ ሄደ፤ ነጋዴዎቹም ወደ አንትወርፕ ዞሩ። ከተማይቱም ደኸየች፤ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ባለገንዘብ ስለ ታጣ አሮጌው ባለበት ቆየ።

ነገር ግን ድህነት ብቻውን ቤት አይጠብቅም፤ ጣራው ያፈስሳል፣ ግድግዳውም ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 የከተማው ሹማምንት የቤቱን ግንባር በጥንቱ ሥርዓት ለሚያድስ ባለቤት የገንዘብ ርዳታ መስጠት ጀመሩ። ዩኔስኮም ጥንታዊውን ክፍል በ2000፣ በዚያው አቆጣጠር፣ ከዓለም ቅርስ መዝገብ አገባው። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን አንዲት ባልቴት ከመስኮቷ ሆና አበባዋን ስታጠጣ ማየቴ ነው። ቤቱ እንግዳ ሊያየው ብቻ የቆመ አይደለም፤ ሰው ይኖርበታል፤ በውስጡም ወጥ ይሠራበታል።

ማታ ወደ ብሩክሴል ስመለስ ከባቡሩ ውስጥ ሆኜ መልሴን ላክሁ። «ወንድሜ ሆይ፤ ቤቱ አይፍረስ። ነገር ግን የአባታችን ነው እያልን ዘግተነው ብንቀመጥ አፍራሾቹ እኛው ነን። ለፎቁ ያስቀመጥሁትን ገንዘብ ለጣራው አውለው፤ በጓሮው በኩል ሁለት ክፍል ጨምርና ልጆችህን ይዘህ ግባበት» አልሁት።

እርሱም ቅር ሳይለው አልቀረም፤ ፎቁን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው እንደ ኖረ አውቃለሁና። ሆኖም ጥቂት ቆይቶ «ግንበኞቹን ለጣራው አዝዣቸዋለሁ፤ ሲመጡ ግን ከእኛው ጋራ ያድራሉ» ሲል መለሰልኝ።