ልጅ ይዘፍናል፣ አባት ይጽፋል

ነፃ ኮንሰርት አለ ሲሉን ቶሎ የምትመጣብን ጥያቄ ‹‹ስፖንሰሩ ማነው?›› የምትለው ናት። ለምደነዋላ! ባነር ያልተሰቀለበት ነፃ መድረክ መች አየንና?

ማኖ ኔግራ ግን ሌላ ጣጣ ይዞብን መጣ። ማኑ ቻኦ የሚመራው የፓሪስ ባንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ላይ ከነሰርከስ ጓደኞቹ በአሮጌ ባቡር ተጭኖ ኮሎምቢያን ዞረ። የመንገደኛ ባቡር በቀረበት ሐዲድ ላይ (የለገሃርን አሮጌ ሐዲድ አስቡት)፣ ሽምቅ ተዋጊ በሚንቀሳቀስበት አገር፣ በየጣቢያው እየቆመ በነፃ ተጫወተ። ባቡሩ በረዶ ጭኗል፤ እሳት የሚተፋ ዘንዶም ጭኗል! ካለፈባቸው ከተሞች አንዷ አራካታካ ናት፤ የጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ የትውልድ ቦታ። ‹‹የመቶ ዓመት ብቸኝነት›› በበረዶ ትዝታ እንደሚጀምር ያነበባችሁት ታስታውሳላችሁ።

ለተመልካቹ ነፃ ነው፤ ባንዱን ግን አስከፈለው። ሙቀቱና ድካሙ ሲበረታ በርካታ ሙዚቀኞች ጉዞው ሳያልቅ ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ ማኖ ኔግራ ፈረሰ።

እኛን ያከራከረን ግን ሌላ ተሳፋሪ ነው፦ ራሞን ቻኦ፣ ጋዜጠኛ፣ የማኑ አባት። ልጁ ይዘፍናል፣ እሱ ማስታወሻ ይይዛል። የልጅህ ባንድ ዓይንህ እያየ ሲበተን ምን ታደርጋለህ? በጋዜጠኝነት ዲግሪ የስብሰባ ዜና ለምንጽፈው ለእኛ ይህን ማንም አላስተማረንም። ግማሻችን ‹‹ደብተሩን ይዝጋና ልጁን ይያዝ›› አልን። ሌሎቻችን ‹‹ካልጻፈው ማን ሊያውቀው?›› አልን። ሻይው ቀዘቀዘ፣ አልተስማማንም።

ራሞን ጻፈው። መጽሐፉ በ1994 ወጣ፤ ርዕሱ ‹‹የበረዶና የእሳት ባቡር›› ነው።