ባትሪውን የገደልኩት እኔ ነኝ



አምና ክረምት ለእረፍት ደካ ስገባ፣ ልጅ ሆኜ ቁርኣን በቀራሁበት መድረሳ ጣሪያ ላይ 50 ዋት የሶላር ፓኔል ተተክሎ አገኘሁ። ከመግሪብ እስከ ኢሻ ልጆቹ ያለ ኩራዝ ጭስ ይቀራሉ። አዛኑም በድምፅ ማጉያ ይሰማል።

ግን መብራቱ ማታ ማታ ድንገት ድርግም ይል ነበር። ኡስታዛችን "አንተ ኢንጂነር አይደለህ? እስቲ እየው" አሉኝ። የሚያጠፋው ኮንትሮለሩ ነበር። የተበላሸ መስሎኝ እሱን አልፌ የመብራቱን ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘሁት። መብራቱ በራ፤ ሰዉም መረቀኝ። በሦስተኛው ሳምንት ባትሪው ሞተ።

ለካ ኮንትሮለሩ ደህና ነበር። ባትሪው ሲዳከም የሚያጠፋው ሊያድነው ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ እየደጋገመ እስከ ታች ከተሟጠጠ፣ ውስጡ ያሉት ሳህኖች በሰልፌት ይሸፈኑና ቻርጅ መያዝ ያቅተዋል።

ያን ሌሊት መጀመሪያ ልሠራው የሚገባኝን ሂሳብ ሠራሁ። ፓኔሉ በጠራ ቀን 200 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። የካፋ ደመና ሲጫነው ግን 75 ቢያገኝ ነው። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለአራት ሰዓት 60 ይበላሉ፤ የአምስቱ ወቅት አዛን 13 ገደማ። ድምሩ 73፣ ለጥቂት ይበቃል። ነገር ግን በየቀኑ አሥር ስልክ እዚያው ቻርጅ ይደረግ ነበር። እሱ ብቻ 150 ነው! የራሴም ስልክ ከአሥሩ አንዱ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለኡስታዙ ለመናገር ሁለት ቀን ፈራሁ። ስነግራቸው አልተቆጡም። "ልጄ፣ ታዲያ በዝናብ ቀን ስንት አለን?" ብቻ አሉኝ። ያን ጥያቄ እኔ ነበርኩ ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ።

ጀመዓው አዋጣ፤ እኔም ያጠራቀምኳትን ጨመርኩ፤ አዲስ ባትሪ ተገዛ። ኮንትሮለሩን ወደ ቦታው መለስኩ። አሁን ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ፀሐይ በወጣ ቀን፣ ከዐስር በፊት ብቻ ነው። መብራቱ ሲጠፋም ማንም አያማርርም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ኢስራፍን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። እዚህ ግቢ ግን መብራቱ ከግድቡ ውሃ ስለሚመጣና ሂሳቡን ሌላ ስለሚከፍል፣ ዶርማችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲበራ ይውላል። እኔ ከደካ ከተመለስኩ ወዲህ ስወጣ ማብሪያ ማጥፊያውን ሳልነካ አላልፍም። ልጆቹ በዚያች 60 ዋት ሰዓት ስንት ገጽ እንደሚቀሩ አይቻለሁና።