ስድስተኛዋ ክር

ጊታሬን ይዤ ደካ የሄድኩት ለሦስት ቀን ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፕ፣ ሁለት ፓወር ባንክ፣ አንድ ካቻቪቴ እና ከአሜሪካ በሰው የመጡ ስድስት ቆላፊ መቃኛዎች ነበሩ። ያመጣልኝ ልጅ የሰው ሁሉ አደራ ከሞላበት ሻንጣው ጥግ አንዲት ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ ነው ያጓዛቸው። አምስት ወር ጠብቄአቸዋለሁ። ከአዲስ አበባ ቦንጋ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ካልሲዋን ኪሴ ውስጥ እየዳሰስኩ ሄድኩ።

"እዚያው አዲስ አበባ አትገጥማቸውም ነበር?" ትሉኝ ይሆናል። እችል ነበር፤ ግን ሰበብ ፈልጌ ነው። አባዬን በ2015 ዓ.ም. ስትሮክ መታው። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ፤ ይራመዳል፣ ያወራል። ግራ እጁ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ቤት ስሄድ ምን እንደማደርግ አላውቅም። በረንዳ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ ቡናው ይፈላል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ ስልኬን አወጣለሁ። እጄ ላይ የሚፈታና የሚገጠም ነገር ካለ ግን ዝም ማለታችን ያን ያህል አያስታውቅም።

ጊታሯ የስትራቶካስተር ቅጂ ናት። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሥራ በያዝኩ በዓመቴ፣ ፒያሳ ሳትፈርስ በፊት፣ ከአንድ የክለብ ተጫዋች ላይ ያገለገለች ገዛኋት። ጊታር ያስወደደኝ የሮሃ ባንድ ካሴት ነው፤ ዘፋኙ ትንፋሽ በሚወስድባት ቅጽበት ሰላም ስዩም ጣል የሚያደርጋት አጭር መልስ። እኔ ግን መልሱን ሳገኘው ጊታሯ ከቅኝት ወጥታ ትጠብቀኛለች። አንድ ዘፈን፣ አንዴ መቃኘት። ሁለት ክር ጎተት ካደረግኩ ደግሞ ዘፈኑ ራሱ ሳያልቅ።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው መቃኛ ክሩ በቀዳዳ ይገባና በዘንጉ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይጠመጠማል። የሚይዘው ጥምጥሙ ነው። ክሩን በጣት ገፋ ስታደርጉት ጥምጥሙ ጠበቅ ይላል፤ ስትለቁት ሁሌ ወደ ነበረበት አይመለስም። ትንሽ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። በቆላፊው ግን ክሩን በቀዳዳው አሳልፎ ወጠር አድርጎ፣ ከኋላ ያለችውን ክብ ጎማ መሳይ ነገር ማዞር ነው። ከውስጥ አንዲት ዘንግ ተገፍታ ክሩን ነክሳ ትይዛለች። ግማሽ ዙር ሳይሞላ ክሩ ይቃኛል፤ የሚላላ ጥምጥም የለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ክሊቭላንድ ኦሃዮ ውስጥ ቦብ ስፐርዘል ይህን አሠራር ታዋቂ አደረገው፤ ዛሬ ሻለርም ጎቶህም ይሠሩታል። የእኔ አሮጌዎቹ 14 ጊዜ ሲዞሩ ነው ዘንጉ አንዴ የሚዞረው፤ አዲሶቹ 18። ማለትም እጅ ሲሳሳት ስህተቱ ያንሳል። በዚያ ላይ ከአሮጌዎቹ የአንዷ ጥርስ ተበልቶ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር። እኔ ደግሞ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ የተበላሸ ላይብረሪ ሳይ አውጥቼ ሌላ መተካት እንጂ ምን እንደሆነ መጠየቅ አልወድም።

በመጀመሪያው ጠዋት መብራት የለም። ክሮቹን ፈታሁ። ፊት ለፊት ያሉትን ቀለበቶች ለመፍታት የ10 መፍቻ አጣሁና ከባጃጅ ሹፌር ለመንኩ። አሮጌዎቹ ወጡ፣ አዲሶቹ በቀዳዳዎቹ ልክ ገቡ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ስገለብጣት ከኋላ ያለው የቪቴ ቦታ አልገጠመም። ስድስት አዲስ ቀዳዳ መብሳት አለብኝ። የእማዬን የስፌት ወስፌ ተበደርኩ፤ በወስፌው ቦታውን ወጋሁ፣ ከዚያ 2 ሚሊ ሜትር የድሪል ጫፍ በፒንሳ ይዤ በእጄ እያዞርኩ ስምንት ስምንት ሚሊ ሜትር አወረድኩ። ጥልቀቱ እንዳይበዛ ጫፉ ላይ ፕላስተር ጠምጥሜአለሁ። (ዩቲዩብ ነው ያስተማረኝ። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ሰው መብራት አለው።)

የመጀመሪያዋን ቪቴ ሳጠብቅ ቀጭ አለችና ራሷ እጄ ላይ ቀረ። ግንዷ እንጨቱ ውስጥ ነው።

አባዬ ጋቢውን ለብሶ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም።

"ሰም አላስነካሃትም" አለኝ።

"የምን ሰም?"

"ቪቴ እኮ ደረቅ እንጨት ውስጥ እንዲሁ አይገባም፤ አንቆ ይይዘዋል። እናትህን ጠይቃት።"

ማር የማይጠፋበት ቤት ሰም አይጠፋም፤ ከፋ ነው ያለነው። እማዬ በላስቲክ የተጠቀለለ ጥቁር ቡናማ ቁራጭ አመጣች፣ የቀሩትን አምስት ቪቴዎች እያሸሁ አስገባሁ፣ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ገቡ። ራሷ የተቆረጠባት መቃኛ እስከ ዛሬ በፊት ቀለበቷ ብቻ ነው የቆመችው። አትነቃነቅም። እኔም አልነካካኋትም፤ ሥራ ላይ "የሚሠራን ነገር አትንካ" የምንለው እንዲህ ላለው ነው።

አዲስ ክር አስገባሁ፣ ቆለፍኩ፣ በስልኬ ቃኘሁ። ሦስተኛዋን ክር ገፋ አድርጌ ለቀቅኩ። ወረደች።

ደግሜ ቃኘሁ። ወረደች።

እዚህ ላይ የተሰማኝን ኮድ የሚጽፍ ሰው ያውቀዋል። አምስት ወር ጠብቀህ፣ በዶላር ከፍለህ፣ ሲስተሙን በሙሉ ቀይረህ፣ ያው ባግ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ቆላፊውን አጥብቄ ሞከርኩ። ክሩን አውጥቼ መልሼ ሞከርኩ። አባዬ አሁንም ደረጃው ላይ ነው።

"እስቲ ድገመው" አለ። ደገምኩት። "አሁንም።"

ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። "ከላይ አይደለም። ቲንግ የምትለው ነገር አለች። እዚች ጋ ናት።" በቀኝ እጁ ጣት ያመለከተው መቃኛዎቹን አይደለም፤ ክሮቹ ከጊታሩ ራስ ወደ አንገቱ የሚሻገሩባትን ነጭ ቁራጭ ነው። ክሩ የሚያልፍባት ቦይ ጠባለች፤ ሲገፋ ይሾልካል፣ ሲመለስ ይነከሳል፣ ከዚያ በድንገት ቲንግ ብሎ ይለቃል። መብራት ኖሮ አምፕሊፋየር ቢከፈት ያቺን ድምፅ ማን ይሰማታል? ሸካራ የአናጢ ወረቀት አጥፌ ቦዩን ትንሽ ሰፋ አደረግኩ፤ እርሳስ ቀርጬ ዱቄቱን ቀባሁበት። ሦስተኛዋ ክር ሄደች፣ ተመለሰች፣ ቆመች። ችግሩ ከመጀመሪያውም በአብዛኛው እዚያ ነበር ማለት ነው። መቃኛዎቹ ጥሩ ናቸው፣ አልጸጸትም፤ ግን ሃያ ደቂቃና አንድ እርሳስ ይበቃኝ ነበር።

"እንዴት አወቅከው?" አልኩት።

"ክራር ተጫዋች ነበርኩ እኮ" አለኝ፤ ስሙን የረሳሁበት ይመስል።

ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሆኖ፣ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ክራር ይመታ ነበር። ክራሩ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከ2015 ወዲህ ማንም አላወረደውም። እኛ ተሰብሮበት ነው ብለን እንዳናስታውሰው እንጠነቀቅ ነበር፣ እሱም አያነሳውም። ያን ቀን ነው የገባኝ፦ የከበደው መጫወቱ ብቻ አልነበረም፤ መቃኘቱም ነው። በድሮው ክራር እያንዳንዱ ክር ቀንበሩ ላይ በጨርቅ ይጠመጠማል፤ ጨርቁን ጨብጦ እየጠመዘዙ ነው የሚቃኘው። የሚይዘው የጨርቁና የእንጨቱ ፍትጊያ ነው። በገና በእያንዳንዱ ክር ላይ መጠምዘዣ እንጨት አለው፤ የማሲንቆ አንዲት ክር በአንዲት እንጨት ትቃኛለች። ክራር ግን አንዱ እጅ ክሩን ሲመታ ሌላው በጉልበት ይጠመዝዛል። ሁለት ጤነኛ እጅ ይፈልጋል።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከጊታሯ የወጡት ስድስት መቃኛዎች ተኝተዋል።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ አዲስ አበባ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች ውስጥ የጊታር መቃኛ የተገጠመለት ክራር ሞልቷል። ሙላቱ አስታጥቄም ሃርቫርድ ራድክሊፍ በቆየበት በ2007 እና 2008 እ.ኤ.አ. የአገራችንን መሣሪያዎች ስለማዘመን ነበር የሠራው። አባዬ ግን ስነግረው ፊቱን አዞረ። "ቀንበሩን ልትበሳው?" እሺ፣ ይቅር አልኩ። ማታ ራት ላይ፣ ቆጮውን እየቆረሰ፣ "ቀንበሩ አይበሳም" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ሌላ ቀንበር ግን ይሠራል" አለ።

ሦስቱ ቀን ስምንት ሆነ። አለቃዬን ኔትወርክ የለም አልኩት፤ ግማሹ እውነት ነው። ሰፈር ያለ አናጢ ከዋንዛ ቁራጭ አዲስ ቀንበር አወጣልን። በዚያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች በሳን፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ አናጢው በቀጭኑ ጀምሮ እያሰፋ። ቪቴዎቹን እኔ ሰም አስነካሁ። ጥርሷ የተበላው አንዷ ስለማትሠራ አምስት ብቻ ነው የገጠምነው። አባዬ አምስት ይበቃል አለ፤ ቅኝቱ አምስት ድምፅ ነው፣ ስድስተኛዋ የመጀመሪያዋ እጥፍ ናት። ግን ባዶዋን መተው አልፈለገም። ከድሮው ቀንበር ላይ ጨርቋን ፈትቶ ሰጠኝ፤ ስድስተኛዋን እንደ ጥንቱ እንድጠመጥማት።

ቀኝ እጁ መቃኛዋን አዞረ፤ ግራው ክሩን ነካ። ለመንካት ትችላለች። ትዝታን ለመቃኘት አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። እኔ ከጎኑ ስልኬ ላይ አፑን ከፍቼ ነበር፤ ሦስተኛዋ ክር በአፑ ዝቅ ያለች ናት። "አባዬ፣ ይቺ ትንሽ..." ስል፣ ስልኩን አየት አድርጎ፣ "እሱ ምን ያውቃል" አለኝ። ከዚያ በቀኝ አውራ ጣቱ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ መታ። እንደ ድሮው አይደለም። እማዬ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ ምንም ሳትል ተመለሰች።

አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ጊታሯ ቅኝት ይዛለች። አባዬ በየሁለት ሳምንቱ ይደውላል፤ ስለ ጤናው ስጠይቀው አያወራም፣ ስለ ዝናቡ ያወራል። ዝናብ ሲበዛ እንጨቱም ጨርቁም እርጥበት ይስባል። አምስቱን ራሱ ያስተካክላቸዋል።

"ስድስተኛዋ ወርዳለች" አለኝ ባለፈው እሑድ። "መቼ ነው የምትመጣው?"