ሸክላ ማጫወቻ ለመግዛት ለምታስቡ ስደተኞች፣ ለምትልኩላቸውም ዘመዶች

ዛሬ ስለ ኬዝም፣ ስለ መታወቂያ እድሳትም አልጽፍም። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ወጣቶች በውስጥ መስመር "በሸክላ ዲጄ መሆን እፈልጋለሁ፤ ምን ልግዛ?" ብለው ጠይቀውኛል። መልሱ ለሁሉም ይሁን ብዬ ነው።

"ስደተኛ ሸክላ ምን ያደርግለታል?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ናይሮቢ ከገባሁ ጀምሮ የምሰማው ምክር "ነገ ለምትሄድበት ከባድ ዕቃ አትግዛ" የሚል ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላዋን ስታቆም ሻንጣ ያዘጋጁ ቤተሰቦች እዚሁ ኢስሊ ቀሩ። ልጆቻቸው ማደጋቸውን አላቆሙም። ሙያ ልያዝ ያለን ልጅ "ስትሄድ ትማራለህ" ማለት ወጣትነቱን መብላት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር ወስጄዋለሁ።

መጀመሪያ ማሽኑ። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ በቺንጋ የሚዞር፣ ሌላው ሞተሩ ራሱ ሳህኑን በቀጥታ የሚያዞር። ዲጄ ሸክላውን በእጁ ይይዛል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ይለቃል። ቺንጋ ያለው ፍጥነቱን እስኪመልስ ዘፈኑ ያመልጣችኋል፤ ቀጥታው ግን ወዲያው ይነሳል። ሁለት ዘፈን ለማገናኘት ደግሞ ፍጥነት መጨመሪያና መቀነሻው የግድ ነው። ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ፤ በ1979 የመጣው ኤምኬ2 በየክለቡ የነገሠው በዚህ ነው፤ ፍጥነቱን እስከ 8 በመቶ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። አቅም ካልፈቀደ የኦዲዮ-ቴክኒካ ኤልፒ120 ዓይነት ለጀማሪ ይበቃል። በሻንጣ መልክ የሚሸጠውን ርካሽ ግን ለዚህ ሥራ አትግዙ። የክንዱ ክብደት አይስተካከልም፤ ሸክላም ይጎዳል።

ሁለት መጥፎ ከመግዛት አንድ ጥሩ ይሻላል። አንድ ማሽንና ሚክሰር ይኑራችሁ፤ በሌላው መስመር ስልካችሁን ሰክታችሁ ተለማመዱ። ሁለተኛው ሥራ ሲገኝ ይመጣል።

አሁን ለዘመዶች። አሜሪካ የሚሸጠው ማሽን ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ ኬንያና ኡጋንዳ 240 ናቸው። እህታችሁ ከሚኒሶታ በፍቅር የላከችው ዕቃ በአንድ ደቂቃ ሊቃጠል ይችላል። ከመላካችሁ በፊት ከማሽኑ ጀርባ ወይም ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ቮልት መቀየሪያ ከሌለው ተስማሚ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ኤስኤል-1200 ደግሞ እንደ ሞዴሉ ወደ 10 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ የመላኪያውን ዋጋ አስቡና እዚሁ ያገለገለ መግዛት ይረክስ እንደሆነ አስሉ።

ቀጥሎ ካርትሪጅ፣ መርፌውን የሚይዘው ማለት ነው። ለዲጄ ጫፉ እንደ ኳስ ክብ የሆነ መርፌ ይመረጣል፤ ሞላላው ድምፁን ጥርት ያደርጋል፣ ወደፊትና ወደ ኋላ መጎተትን ግን አይወድም። የዲጄ ካርትሪጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ግራም ተጭኖ ይሠራል፤ ለቤት ማዳመጫ የሚሆነው ወደ 2 ግራም ገደማ ነው። ክንዱ አየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ከጀርባው ያለውን ክብደት አስተካክሉ፣ ቁጥሩን ዜሮ ላይ አድርጉ፣ ከዚያ አምራቹ የጻፈውን ግራም ስጡት። መርፌው ዘለለ ብሎ ሳንቲም መጫን ሸክላውን መፋቅ ነው። የኦርቶፎን ኮንኮርድ ክንዱ ላይ በቀጥታ ስለሚሰካ ለጀማሪ ይቀላል። ሹር ካርትሪጅ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2018 ስለሆነ "አዲስ ኤም44-7 አለኝ" የሚላችሁን ሻጭ ምትክ መርፌ ከየት እንደምታገኙ ጠይቁት።

ማሽኑን ሚክሰሩ ላይ "ፎኖ" የሚለው መግቢያ ውስጥ ስኩት፤ ያለዚያ ድምፁ ቀጭን ይሆናል። ግራውንድ ሽቦውን ካላሰራችሁ ደግሞ እንደ ንብ ያጉረመርማል።

ለልምምድ ኬንያታ ገበያ ያገለገለ ሸክላ አለ። የእናቶቻችንን ሸክላ ግን ለልምምድ አትንኩ። አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም የጀመሩት መብቱ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ ነው፤ በ1975 ከሀገር ወጥተው እሳቸውም አሜሪካ ውስጥ በስደት ለዓመታት ኖሩ። የዚያን ዘመን ዋና ቅጂ ሸክላ በስደት ሻንጣ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ካለ፣ ያረጀ መርፌ አንዴ ከፋቀው የሚመልሰው የለም። በጥሩ መርፌ አጫውቱ፣ ቅዱት፣ አስቀምጡት።

የመሄጃችሁ ቀን ከደረሰ ደግሞ ማሽኑን ለሚቀረው ልጅ አውርሱት። ሙያው አብሯችሁ ይሄዳል፤ ኪሎ አይቆጠርበትም። ለሚጠቅመው አድርሱልኝ።