ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ወይን ፍለጋ ወጥተን

ሐሳቡን ያመጣችው ልጄ ናት። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ዝዋይ ሄዳ የወይን እርሻ ጎብኝታ ተመልሳ ነበር። "ይኼ ሺራዝ ነው፣ ያ ሜርሎ ነው" እየተባለ ብርጭቆ በብርጭቆ ያቀመሷትን ስታወራ ሰነበተች። ሠርጓ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ተቆርጧል፤ ለእንግዶቿም ወይን እንጂ ሌላ እንደማይቀርብ በልቧ ጨርሳለች። አንድ ማታ ስልኳ ላይ የጎጃምን ካርታ ዘርግታ፣ "አባዬ፣ ጉንደ ወይን የሚባል ከተማ አለ እንዴ? በአያቴ አገር በኩል እኮ ነው። የወይን ፋብሪካ ይኖረው ይሆን?" አለችኝ።

መልሱን የሰጠችው ከሶፋው ጥግ የተቀመጠችው እናቴ ነበረች። "ፋብሪካ የለውም። ማር ግን አለ። እኔ ቁሜ እያለሁ ለልጅ ልጄ ሠርግ የስኳር ጠጅ አይቀርብም። ሂዱና ማርና ጌሾ ይዛችሁልኝ ኑ።"

ቁጣዋ ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለፈው ዓመት ለእኅቴ ልጅ ሠርግ ጠጁን ያስመጣነው ከአንድ ነጋዴ ነበር። መልኩ ያምራል፣ እንደ ወርቅ ያበራል። እናቴ አንዴ ጎንጨት ብላ ብርሌውን አስቀመጠችና ሠርጉ እስኪያልቅ አልነካችውም። ስኳር፣ ውሃና ቢጫ ቀለም ነበር። ከዚያ በፊት ለነበሩት የቤታችን ሠርጎች ሁሉ ጠጁን የጣለችው እሷ ናት። አሁን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ጋን ማንሣት ቀርቶ ብርጭቆም የምትይዘው በሁለት እጇ ነው። ሦስት እኅቶች አሉኝ፤ አንዳቸውም አልተማሩም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። እኅቶቼ "ስንት ማር ለስንት ውሃ ነው?" ሲሏት መልሷ "እያየሽ ነዋ!" ነበር። ማንም ቆሞ አላየም።

ጉዞው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር መጀመሪያ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ ነበር። መኪና ከነሾፌሩ ተከራይተን ወጣን። ልጄ ለወይን፣ እኔ ለማር።

የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ብዙ ስለተጻፈበት አልደግመውም። ደጀን ላይ ዋናው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲቀጥል እኛ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ የጤፍ አገር ነው። ጤፉ ነጣ ነጣ ማለት ጀምሯል፤ በየማሳው ጥግ ያልረገፈ የኑግ አበባ ቢጫውን ይዞ ቆሟል። ልጄ ለፎቶ ብላ መኪና አስቆመች። ኑጉ ውስጥ ገብታ ስትቆም ዙሪያዋን የንብ ድምፅ ከበባትና ሮጣ ተመለሰች። ሾፌሩ "ወይኑ ያ ነው እኮ" ብሎ ሳቀባት።

ቢቸና የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር ናት። ዲማ ጊዮርጊስም እዚያው አካባቢ ነው፤ ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ የዲማን ስም ያውቃል። ለእኔ ግን ቢቸና ማለት የአክስቴ ቤት ነው። የእናቴ ታናሽ ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል፤ ለበዓልና ለሠርግ ዛሬም ጠጅ ይጥላሉ። ለኅዳር ሚካኤል የጣሉት ጋን ጓዳ ውስጥ አፉን በጨርቅ ታስሮ ተቀምጧል። ልጄ ምን ፍለጋ እንደመጣች ስነግራቸው፣ "ወይን? ወይንማ የቤተ ክርስቲያን ነው። ነይ የኔ እናት፣ የእኛን ቅመሺ" ብለው እጇን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቧት።

"ጆሮሽን አስጠጊ" አሏት ጋኑ ዘንድ ሲደርሱ። ልጄ አጎንብሳ አዳመጠች። "ይንሾካሾካል!" አለች። "እንግዲህ እሱ ዝም ሲል ደርሷል ማለት ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ልጄ ስልኳ ላይ እየጻፈች፣ አክስቴ እያሳዩ ነገሯት። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ማሩ ከነሰፈፉ ይገባል፤ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውሃ። (እናቴ "እያየሽ" ያለችው ይኼንኑ ነበር፤ አክስቴ የሚሰፍሩበት ጣሳ ስላላቸው ብቻ ቁጥሩ ታወቀ።) ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ሰፈፉና አተላው ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱ ይገፈፋል። ከዚያ ጌሾ። ቅጠሉ ለጠላ ነው፤ ለጠጅ የሚሆነው እንጨቱ ነው። ተከትክቶ፣ ከዚያው ብርዝ ጥቂት ተቀንሶለት ይፈላል፤ ሲበርድ ጋኑ ውስጥ ይመለሳል። እንደገና ይታሰራል። ቆላ ቢሆን በሳምንት ይደርሳል፤ ቢቸና ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ አገር ስለሆነች ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠብቃል። እርሾ የሚባል ነገር ማንም አይጨምርበትም። ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ግድግዳ የሚመጣው እርሾ ራሱ ይሠራዋል፤ የወይን ጠጅና የዳቦ እርሾም ከእሱ ወገን ነው።

ለቅምሻው ሦስት ብርሌ ቀረበልን። አክስቴ ከእያንዳንዱ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ራሳቸው ቀመሱ። ያሳላፊ ወግ ነው፤ የሚጠጣው ሰው ልቡ እንዲያርፍ። አንደኛው ገና ጌሾ ያልገባበት ብርዝ ነበር፤ እሱ ለሾፌራችንና በር ላይ ለተኮለኮሉት የልጅ ልጆች ደረሰ። ሁለተኛው ለጋ ጠጅ ነው፤ ደፍረስ ያለ፣ ገና ጣፋጭነቱን ያልለቀቀ። ሦስተኛው ከመስከረም የተረፈ የከረመ ጠጅ ነው። ልጄ የብርሌውን አንገት ይዛ ዝዋይ እንደተማረችው ታዞረው ጀመር።

"ምነው፣ ዝንብ ገባበት?" አሉ አክስቴ።

"አይ፣ ሽታው እንዲወጣ ነው" አለችና ቀመሰች። ዝም አለች። ደግማ ቀመሰች። "አባዬ፣ ይኼ እኮ ድራይ ነው።"

"ምን አለች?" አሉኝ አክስቴ።

"ጣፋጩ ጠፍቷል ማለቷ ነው።"

"እሱንማ ጋኑ በላው። ሊበላው አይደል እንዴ የከረመው?"

እውነት ነው፤ ጣፋጩ ወደ አልኮል ሲለወጥ የሚቀረው የማሩ ሽታና ምላስ ጫፍ ላይ ቆየት ብሎ የሚመጣው የጌሾ ምሬት ነው። ልጄ ሠርጓ ላይ ወይን የፈለገችው "ጠጅ ሲበዛ ይጣፍጣል" በሚል ነበር። ለካ እሷ ጠጅ የምትለው ያንን ቢጫ ስኳር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እኔ ቤት ስታድግ እውነተኛውን የቀመሰችው ልጅ ሳለች ነው፤ ያኔም ከአያቷ ብርሌ ላይ ሰርቃ።

ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጠን ስለ ስሙ ስናወራ አመሸን። የወይኑን መጠጥ "ወይን ጠጅ" የምንለው ጠጅ የሚለው ስም ቀድሞ ስለነበረን ይመስለኛል፤ እንግዳው ነው በባለቤቱ ስም የተጠራው። ወይኑም ቢሆን ግን ጨርሶ ባዕድ አይደለም። ወይና ደጋ ስንል የወይን ደጋ ማለታችን ነው። በፋብሪካ ደረጃም አዋሽ የወይን ጠጅ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ይጠመቃል፤ ጉደርና አክሱሚት ያላሳለፉት የከተማ ሠርግ ጥቂት ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል በዝዋይ የተከለው እርሻ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። ታዲያ ለምን ምሥራቅ ጎጃም አይደለም? ገበሬ ባልሆንም፣ የክረምቱ ዝናብ ይመስለኛል። ወይን ሲጎመራ ደረቅ አየር ይወዳል፤ እርጥበት ሲበዛበት ሻጋታ ያጠቃዋል። ክረምት የጠገበ መሬት የሚያበቅለው አደይና ኑግ ነው፤ የአደይና የኑጉ ወዳጅ ደግሞ ንብ ናት።

በማግስቱ ማር ልንገዛ ወጣን። አክስቴ ከሚያውቋቸው ንብ አናቢ ቤት ያገኘነው ማር ከፊሉ ረግቷል። ልጄ "ስኳር ገብቶበታል" ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች። ብዙዎቻችን እንዲህ እናስባለን። ንጹሕ ማርም ይረጋል፤ ንቦቹ የቀሰሙት አበባ ዓይነትና ብርዱ ነው የሚወስነው። መርጋቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከሚያውቁት ሰው መግዛት ይሻላል። (ለአያቶች አንድ ነገር ላንሣ፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ማቅመስ እኛ ቤት ወግ ነበር። ሐኪሞች ግን ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል ብለው ይከለክላሉ። ዓመቱን ይጠብቅ።)

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስንሄድ ደብረ ወርቅ ላይ ወረድን፤ ማርያምን ለመሳለም። አክስቴ "ወይን የቤተ ክርስቲያን ነው" ያሉትን ልጄ አልረሳችም። ቅጥሩ ውስጥ ያገኘናቸውን አንድ አረጋዊ ቄስ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በስተምሥራቅ ያለችውን ትንሽ ቤት በመቋሚያቸው ጠቆሟት፤ ቤተ ልሔም። ምእመኑ ለስለት ከዕጣንና ከጧፍ ጋር የሚያመጣው ዘቢብ እዚያ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ለቅዳሴ ይቀርባል። "መቅመስ ይቻላል?" አለች ልጄ፤ የአፍ ልማድ ሆኖባት።

ቄሱ አልተቆጡም። "ይቻላል እንጂ። ንስሐ ገብተሽ፣ ጾመሽ፣ ቅዳሴ ቁመሽ።"

ልጄ አንገቷን ደፋች። መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የሳቀችው።

ጉንደ ወይን ሻይ ጠጣን። ጕንድ በግዕዝ ግንድ ነው፤ የወይን ግንድ ማለት ነው ስሙ። አንድም የወይን ሐረግ አላየንም። ስያሜውን የጠየቅናቸው ሁለት ሽማግሌዎች ሁለት የተለያየ ታሪክ ነግረውን እርስ በርሳቸው መከራከር ሲጀምሩ ሒሳብ ከፍለን ተነሣን።

ሞጣ ሌላ ነገር ነው። ሞጣ የአባቴ አገር ናት። እናቴ "ቢቸና ሂዱ" ስትል ሞጣን አልጠራችም፤ እኔም በመንገዳችን ላይ ስላለች ብቻ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬ ነበር። የአጎቴ ልጅ በደስታ ተቀበለን። በግ ካልታረደ ብሎ ስንከላከል፣ ጠርሙስ ይዞ መጣ። የዳጉሳ አረቄ፣ ዳግም፤ ሁለት ጊዜ የወጣ። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። መለኪያውን ሞልቶ ሰጠኝ። መለስኩለት። ደግሞ ሰጠኝ። ደግሜ መለስኩ። የአገሬው ሰው እንዲህ ያለውን እንደ ስድብ ሊቆጥረው ይችላል፤ ፊቱ ጠቆረ።

ከሰዓት በኋላ ሞጣ ጊዮርጊስ ቅጥር ጥላ ሥር ተቀምጠን ልጄ ጠየቀችኝ። "አባዬ፣ ጠጁን ጠጥተሃል። አረቄውን ለምን?"

አያቷ በሕመም እንደሞተ ታውቃለች። ምን ሕመም እንደሆነ ግን ነግሬያት አላውቅም። ጠዋት ከቁርስ በፊት መለኪያ ይዞ የማስታውሰውን አባቴን፣ ጉበቱን፣ ሆዱ ተነፍቶ የተኛበትን አልጋ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ለሽንፍላ ያህል እንኳ ገንዘብ አጥተን ያሳለፍነውን ፋሲካ ነገርኳት። እናቴ ከዚያ ወዲህ አረቄ ቤቷ አስገብታ አታውቅም።

ልጄ ብዙ ዝም አለች። "ታዲያ አያቴ ጠጅ ለምን ትጥላለች?"

ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ለሠርግና ለዓመት በዓል ትጥል እንደነበር፣ ጋኑ ሲያልቅ ታጥቦ ተገልብጦ እስከሚቀጥለው በዓል እንደሚቀመጥ፣ ጠርሙስ ግን ሁልጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደሚኖር፣ ይህንኑ ብቻ ነው ያልኳት። ይበቃት እንደሆነ አላውቅም። ማታ የአጎቴ ልጅ ጠርሙሱን ሲያነሣ "ጋሼ፣ እኛ ቤት አረቄ አንጠጣም" ያለችው እሷ ናት። ለምን ብሎ አልጠየቀም። አባቴን እሱም ያውቀዋል።

አዲስ አበባ ስንመለስ እናቴ የማሩን ክዳን አስከፍታ አሸተተች፣ የጌሾውን እንጨት ሰብራ ሽታውን አየች፣ "ቢቸና" አለች፤ ሌላ አልተናገረችም። ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጋን ገዛን። ጓዳችን ጠባብ ስለሆነ ጋኑ የልጄ መኝታ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ፤ እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አዘዘች፣ ልጄ ስልኳን እያየች ሠራች፤ "ስልኩን ተዪውና ጋኑን እዪ" የሚለው ቃል በቀን አሥር ጊዜ ይሰማል። ሌሊት ሌሊት ልጄ ተነሥታ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ታስጠጋ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች።

በሃያ አንደኛው ቀን ተጠለለ። እናቴ ብርሌውን በሁለት እጇ ይዛ ቀመሰች። እኅቶቼ ሁሉ መጥተው ነበር፤ ሁላችንም ቆመን አፏን እናያለን።

"ውሃ አብዝተሻል" አለቻት። "ጌሾውንም ቸኩለሽ አውጥተሽዋል። ከማሩ የቀረ አለ?"

"ግማሹ አለ።"

"እንግዲያው ነገ ጋኑን እጠቢ። ግራዋውን እኔ አስመጣለሁ።"

ብርሌውን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ አልሰጠችኝም።