ከልዕልቷ እግር አጠገብ ያለው ቡና

ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትጓዙ ጎጀብን እንደተሻገራችሁ አየሩ ይለወጣል። የቆላው ሙቀት ወደ ኋላ ይቀራል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ግራና ቀኙ ደን ነው፤ ከደኑ ሥር ቡና፣ በየግቢው ደግሞ እንሰት። ባለፈው ኅዳር ይህን መንገድ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ የልጅ ልጄ ጋር ተጓዝኩ። ነርሲንግ ተምሬ እንደወጣሁ መጀመሪያ የተመደብኩት ወደዚሁ አካባቢ ስለነበር፣ አያቷ የሠራችበትን አገር ላሳያት ስመኝ ኖሬአለሁ።

አውቶቡስ ውስጥ ከጎናችን የተቀመጡ ሴት ልጅቷን አይተው፣ “ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?” አሏት። እሷ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ። “ዶክተር ናት! አንደኛ ነው የምትወጣው” አልኩ። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ነገሩን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ቦንጋ ድሮ ከማውቃት በብዙ ሰፍታለች። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የብሔራዊ ቡና ሙዚየምም እዚያው ነው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በማግስቱ ማንኪራ ወደተባለው ደን ሄድን። የአካባቢው ሰው ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው ይላል። ጉልበቴ ስላስቸገረኝ ቀስ እያልን ነበር የምንሄደው። የጫካ ቡና እንደ ጓሮ ቡና አይደለም። ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሆኖ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ፍሬውም ጥቂት ነው። ቡናን በካፊኛ “ቡኖ” እንደሚሉት ለልጅቷ የነገራት አብሮን የመጣው ወጣት ነው። ፈረንጆች ቡናን የሚጠሩበት ቃል ከካፋ ስም የመጣ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ከዐረብኛው “ቀህዋ” ነው የሚሉም አሉ።

ያረፍነው በጡረታ ላይ ካለች የድሮ ባልደረባዬ ቤት ነው። ያን ማታ መብራት ጠፋ። ቡናው ግቢ ውስጥ ከሰል ላይ ተፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ፣ መምህር የሆነው የባልደረባዬ ልጅ አቅርቦ ማያ መነጽሩን ይዞ ወጣ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነበር፤ ሰማዩም ጥርት ብሎ ነበር።

“እማማ፣ ወደ ሰሜን ይዩ። ያቺን ‘ኤም’ የተባለችውን የፈረንጅ ፊደል የምትመስለው አምስት ኮከብ ካሲዮፔያ ናት። ከእሷ ከፍ ብሎ በመስመር የተደረደሩት አንድሮሜዳ ናቸው። እናትና ልጅ ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ የኢትዮጵያ ንግሥትና ልዕልት ናቸው” አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው። በግሪኮች አፈ ታሪክ ሴፊየስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው። ሚስቱ ካሲዮፔያ ከባሕር ቆነጃጅት ይልቅ ውቦች እኛ ነን ብላ ተኩራራች። የባሕሩ አምላክ ፖሰይዶን ተቆጥቶ አገሩን የሚያጠፋ አውሬ ላከ። አውሬው የሚመለሰው ልዕልቲቱ ከተሰጠችው ብቻ ነው ተባለና አንድሮሜዳ ከባሕር ዳር አለት ላይ በሰንሰለት ታሰረች። ያዳናት በዚያ ሲያልፍ ያያት ፐርሲየስ ነው፤ በኋላም አገባት። ግሪኮች ያኔ ኢትዮጵያ የሚሉት በአመዛኙ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ የጥቁሮች ምድር ነበር እንጂ የዛሬዋን አገር በወሰኗ ለይተው አልነበረም። ታሪኩን ያፋ ወደተባለው የሜዲትራኒያን ወደብ የሚወስዱም ነበሩ። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ አንድሮሜዳ ጠቆር ያለች መሆኗን ጽፏል፤ የኋለኞቹ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን በአብዛኛው ነጭ አድርገው ሥለዋታል።

ለነርስ የግሪክ አፈ ታሪክ ስም እንግዳ አይደለም። የተረከዝ ጅማት በአኪለስ፣ የመጀመሪያው የአንገት አጥንት በአትላስ፣ ሞርፊን በሞርፊየስ ስም ይጠራሉ። በአንድሮሜዳ ስም የተጠሩትን መምህሩ ሲዘረዝር ግን ጣቴን አጥፌ መቁጠር ጀመርኩ። በመጀመሪያ የከዋክብቱ ስብስብ ነው፤ ቶለሚ ከ1,800 ዓመት በፊት ከመዘገባቸው 48 ስብስቦች አንዱ ነው። ቀጥሎ በውስጡ ደብዘዝ ያለ ጉም መስሎ የሚታየው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ነው። የፋርሱ ሊቅ አል ሱፊ በ10ኛው መቶ ዘመን ጽፎታል። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ዛሬ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ጉዞ የጀመረው ከድንቅነሽ ዘመን በኋላ ነው ማለት ነው። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1732 በላፕላንድ ረግረግ ውስጥ ሥሩ ውኃ የነካ ቀላ ያለ አበባ አይቶ፣ ባሕር ዳር የታሰረችው ልጅ ትዝ ስላለችው አንድሮሜዳ ብሎታል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦችም በስሟ ተጠርተዋል። ሕክምና የተማረው ደራሲ ማይክል ክራይተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ልብ ወለድ ከጠፈር ለመጣ ገዳይ ተህዋስ ስሟን ሰጥቶታል።

“አሁን ዋናውን ልንገራችሁ” አለ መምህሩ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ ያለው እዚያው አንድሮሜዳ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ስሙ ይፋ ሲሆን ኮከቡ “ቡና”፣ ፕላኔቱ “አቦል” ተባሉ። ኮከቡ የሚገኘው አልማክ ከተባለው፣ የልዕልቷ እግር ከሆነው ኮከብ በስተምሥራቅ ነው። በባዶ ዓይን አይታይም። ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ስለሚርቅ፣ ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ የተነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ልጅ ሳሉ ነው። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ ሲሆን፣ ቡናን አንዴ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል።

እጄ ላይ ያለውን ስኒ አየሁት። በቡና አገር፣ አቦል እየጠጣሁ፣ ራሴ ላይ ደግሞ ቡናና አቦል በኢትዮጵያ ልዕልት ስም በተጠራ ሰማይ ላይ።

ልጅቷ ግን ያሰበችው ሌላ ነበር። “እማማ፣ የኮራችው እናቷ ናት አይደል? ታዲያ ለምን ልጅቷን አሰሩ?”

መልስ አጣሁ። ትዝ ያለችኝ የእሷ እናት፣ ልጄ ናት። ገና ተማሪ ሳለች “ልጄ ዶክተር ናት” እያልኩ ለጎረቤቱም፣ ለዕድሩም፣ ለሥራ ባልደረቦቼም አወራ ነበር። እሷ ሥዕል የምትወድ፣ ደም ስታይ የምትደነግጥ ልጅ ነበረች። እንዳልኩት ሕክምና ገባች። በሁለተኛው ዓመት አመመኝ ብላ ትምህርቱን አቋርጣ ስትመጣ ያሳሰበኝ ከሕመሟ ይልቅ ለዕድርተኛው የምሰጠው መልስ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ “አላመመኝም ነበር እማዬ፣ አንቺን ፈርቼ ነው” ያለችኝ። ዛሬ ሕፃናትን ሥዕል ታስተምራለች፤ ደስተኛም ናት። ይቅርታ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ይባስ ብዬ ያንኑ ሰንሰለት አውቶቡስ ውስጥ ለልጇ አጠለቅኩላት።

“ትልልቆች የተናገሩትን ልጆች ይከፍላሉ፤ ልክ አይደለም” አልኳት በመጨረሻ። ቶናው ሳይቀዳ ተነሥቼ ለልጄ ደወልኩ። “ምን ሆናችሁ?” ብላ ደነገጠች። ምንም አልሆንንም አልኳት፤ ከዚያም መናገር ያለብኝን ነገርኳት። ዝም አለች። ቀጥላ፣ “ብርድ እንዳይመታሽ፣ ግቢ እንጂ” አለችኝ። ድምፅዋን አውቀዋለሁ፤ ስታለቅስ እንዲህ ነው።

ወደ ቦንጋ የምትሄዱ ከሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ ጥሩ ጊዜ ነው። ቀን ደኑን፣ ማታ ሰማዩን ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። አቅርቦ ማያ መነጽር ካላችሁ ያዙ፤ ጋላክሲዋ በደንብ ትታያለች።

ስንመለስ ጅማ ላይ የተሳፈሩ አንድ አባት ልጅቷን፣ “ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?” አሏት። እኔ አፌን ዘጋሁ። ወደ እኔ ዞር ብላ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ፣ “ገና አላወቅኩም” አለች።