7517 ለ13 አይካፈልም

እኔ ባለፈው በባንዲራ ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያችን ማይክ የተናገርኩትን ላርም ነው የመጣሁት።

ያን ቀን ያልኩት እንዲህ ነበር፦ «የዘንድሮው ዓመተ ምሕረት 2017 ብቸኛ ቁጥር ነው። ዓመተ ዓለሙ 7517 ግን አይደለም፤ 13 ጊዜ 579 ነው።» ብቸኛ ቁጥር ማለት እንደ 7 እና እንደ 19 ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1ና ከራሱ በቀር ለምንም ያለ ቀሪ የማይካፈል ነው። አጨበጨባችሁልኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ቤት ገባሁና ለአያቴ ነገርኳቸው።

አያቴ እዚሁ እብናት ቄስ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ። 7517ንም ያገኘሁት ከሳቸው ነው፤ 5500 ላይ 2017 ሲደመር። በየዓመቱ ይህን ቁጥር ለ4 ያካፍሉታል፤ ዘንድሮ 1 ስለቀረ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲያካፍሉት 12 ይቀራል፤ አንድ ይቀንሱና «ወንበር 11» ይላሉ። ወንበሩን በ11 አባዝተው 30 30ውን ሲጥሉ አበቅቴ 1 ይሆናል። እኔ ቀሪ የሌለው ስፈልግ እሳቸው የሚፈልጉት ቀሪውን ነው።

ታዲያ 13 ጊዜ 579 ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና «አስር አጎደልሽ ልጄ፤ 7527 ነው» አሉኝ። ደብተሬን አወጣሁ። እውነትም 9 ጊዜ 3፣ 27 ብዬ 2 መያዝ ሲገባኝ 1 ነው የያዝኩት። አፈርኩ።

ማታ ከ2 ጀምሬ ማካፈል ያዝኩ። 87 ጊዜ 87፣ 7569 ስለሆነ ከ83 በላይ መሞከር አያስፈልግም፤ ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖረው ጓደኛው ከታች ተገኝቶ ነበር። እስከ 83 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 23 ናቸው። ለ73 ሳካፍል 71 ቀረ፤ 2 ቢጨመር እኮ ይካፈል ነበር! ለ83 47 ቀረ፤ አለቀ። 7517ም ብቸኛ ነው።

የሒሳብ መምህራችን እንደነገሩን፣ ዘንድሮ በጥቅምት ሉክ ዱራንት የሚባል አሜሪካዊ እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ የሚበልጠውን ብቸኛ ቁጥር አግኝቷል። 136,279,841 ሁለቶችን አባዝቶ 1 መቀነስ ነው። 41,024,320 አኃዝ አለው። በአንድ ገጽ 1000 አኃዝ ብጽፍ፣ ባለ 50 ሉክ ደብተር 411 ይፈጃል። ይህንን እንደኔ እያካፈሉ አይዘልቁትም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቁጥር የተለየ መፈተሻ አለው፣ የሚሠራውም በኮምፒውተር ነው። ጥቅምት 2 ተገኝቶ፣ በሌሎች ኮምፒውተሮችና በሌሎች ፕሮግራሞች ደጋግመው ፈትሸው፣ ለዓለም የነገሩት ጥቅምት 11 ነው። እኔ አንዲት ማባዛት ሳልደግም ማይክ ያዝኩ።

አያቴ ይህን ሲሰሙ «መጨረሻው የት ነው?» አሉኝ። ዩክሊድ የሚባል ግሪካዊ መጨረሻ እንደሌላቸው ከ2000 ዓመት በፊት እንዳሳየ ነገርኳቸው። «እኔን ቀሪው ይበቃኛል» ብለው ሳቁ።

መስከረም ሲጠባ 7518 ይገባል። እሱ ተጋማሽ ነው፤ ስለሱ ማይክ አልይዝም።